የሻርጃው 218 ፈረስ ሐረጎ ላይ ስንት ነው?

የአክስቴ ልጅ ሻርጃ ከገባ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ የእናቱን ቤት አሳደሰ፣ ታናሹን አስተማረ፣ የተረፈችውን ሳንቲም ደሞ በሙሉ አንዲት ሆንዳ ሲቪክ መኪና ላይ አፈሰሳት። የድሮ ሞተሯን አውጥቶ የሆንዳ ኬ20 ሁለት ሊትር ከተተባት፣ ከዛ የጭስ መውጫውን ሄደር ቀየረ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ካምሻፍት (ካም የሚሉትን) ቀየረ፣ ኮምፒውተሯን በላፕቶፕ አስነካ፣ ምን አለፋችሁ በዛ ብር ሁለት ሰርግ ይደግስበት ነበር። ባለፈው ረመዳን ከኢፍጣር በኋላ በቴሌግራም አንድ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የመኪና ጉልበት የሚለካው ዳይኖ የሚባለው ማሽን የሚያወጣው ግራፍ ነው፣ ሁለት መስመር ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይነሳና ወደ ቀኝ ይወጣል ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጎበጥ ይላል፣ ጥጉ ላይ 218 የሚል ቁጥር አለ፣ የፈረስ ጉልበቷ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከቦበታል። ተከትሎ የድምፅ መልእክት፦ "ጎማ ላይ ነው ይሄ እሺ! ቱርቦ የለው ምን የለው፣ ወላሂ አየር ብቻ ነው!" ማሻአላህ አልኩት፣ ሌላ ምን ልበል።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛ ወረቀት መጣ። ዘይት ሊያስቀይር ሌላ ጋራዥ ገብቶ እነሱም ማሽን ስላላቸው እስኪ በዛው ልለካት ብሎ 196 አለችው። በዚህኛው ድምፅ ላይ ማሻአላህ የለም። "22 ፈረስ የት ገባ? ወይ ያኛው ዋሽቶኛል ወይ ይሄኛው ሞተሬን በልቶታል" ይላል፣ ከሁለቱ አንዱን ሊጣላ ቆርጧል፣ የቱን እንደሚጣላ ነው እኔን የሚጠይቀኝ። እኔን! ደሴ ቁጭ ብሎ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጠውን፣ ዳይኖ ከስልክ ስክሪን ውጪ አይቶ የማያውቀውን ሰውዬ።

ግን ነገሩ ያዘኝ። ሱቅ ደንበኛ ሲጠፋ ሰው ወይ ጫት ይቅማል ወይ ቪዲዮ ያያል፣ እኔ ሁለተኛውን ነኝ፣ የሞተር ቪዲዮ እያየሁ ስንት ከሰዓት እንዳለፈብኝ አላህ ነው የሚያውቀው። እና ይሄ የዳይኖ ቁጥር ክርክር አዲስ አይደለም፣ ቱርቦ (አየር ጠቅጥቆ ሞተር ውስጥ የሚያስገባው ዕቃ) የሌላቸውን ሞተሮች የሚወዱ ሰዎች በሙሉ የሚጣሉበት ነገር ነው፣ ምክንያቱም ቱርቦ የሌለው ሞተር ላይ አስር ፈረስ መጨመር ማለት ጥርስ እንደመንቀል ነው፣ ቱርቦ ያለው በላፕቶፕ ሁለት ነገር ነክተህ 40 ትጨምራለህ፣ የሌለው ግን ካም፣ ፒስተን፣ ቴስታታ ማስሞረድ፣ ማርሚታ፣ ሁሉንም ነክተህ 20 ካገኘህ ሱጁድ ነው። ስለዚህ 22 ሲጠፋበት ልጁ ቢያብድ አይፈረድበትም።

እኛ ጋ የመኪና ጉልበት የሚለካው በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለው ሐረጎ አቀበት ላይ ነው። መኪና የገዛ ሰው ሰው ሞልቶ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ፊቱን ያዞርና ተመልሶ ይወጣል፣ መንገዷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ናት፣ ኩርባ በኩርባ፣ ከላይ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች የፍሬናቸው ሽታ ገና ሳታያቸው ይደርስሃል። ከዛ ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የትኛው ኩርባ ላይ ማርሽ እንደቀነሰ ያወራል። "ሁለተኛ አልነካሁም" ማለት እኛ ጋ "218" እንደማለት ነው፣ ውሸቱም ያው እኩል ነው። ይሄ መለኪያ ጉድ አለው እርግጥ ነው፣ ከፊትህ የጫነ ሲኖትራክ ከተጋረጠ በቃ ውጤትህ እሱ ነው። ግን አየሩ የራሳችን ነው፣ ይሄን ያዙልኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። መጀመሪያ የሁለቱንም ማሽን ፎቶ ላክ አልኩት። ዳይኖ ማለት በአጭሩ ወለል ውስጥ የተቀበረ ከባድ የብረት ከበሮ ነው፣ መኪናው ጎማውን እሱ ላይ ያቆምና በቀበቶ ይታሰራል፣ ከዛ ቤንዚኑ እስከ መጨረሻው ይረገጣል። ዳይኖጄት የሚባለው ዝነኛው ዓይነት የከበሮው ክብደት ስለሚታወቅ በስንት ሰከንድ ምን ያህል ፍጥነት እንዳገኘ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል፣ በቃ። እንደ ማስታንግ ያሉት ደሞ ከበሮው ላይ በኤሌክትሪክ የሚሰራ የማግኔት ፍሬን አላቸው፣ መኪናው ሲገፋ ማሽኑም መልሶ ይይዛል፣ ጭነት ይዘህ አቀበት እንደመውጣት ነው። ሁለቱም ጥሩ መሳሪያ ናቸው፣ ግን አንድ መኪና ሁለቱ ላይ ብታወጣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጥሃል። ልጁ መጀመሪያ የወጣው ዳይኖጄት ላይ ነበር፣ ሁለተኛው ፍሬን ያለው ነው። ፎቶውን ራሱ አንስቶ ራሱ ልኮልኝ ልዩነቱን አላየውም፣ እሱ ያየው ያቺኑ በቀይ የከበባትን ነው። በስንተኛ ማርሽ ነው የለኩህ ብለው "እኔንጃ"፣ የጎማህ ነፋስ ስንት ነበር ብለው "አቦ አንተ ደሞ!" ጎማው ጎደል ካለ ወይ ቀበቶው ከልክ በላይ ከተጠበቀ ላስቲኩ ከበሮው ላይ ይጨፈለቃል፣ ሲጨፈለቅ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት ከሞተሩ የወጣ ጉልበት ነው።

ግን ዋናው ነገር ከወረቀቱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው ናት። የመጀመሪያው ላይ ኤስቲዲ ትላለች፣ ሁለተኛው ላይ ኤስኤኢ። ሞተር ቤንዚን ይበላል እንላለን እንጂ በብዛት የሚበላው አየር ነው፣ አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ ከፍታ ላይ ይሳሳል፣ እርጥበት ሲበዛበትም ለማቃጠያ የሚሆነው ይቀንሳል። እና ጠዋት የተለካና ቀትር ላይ የተለካ እንዲወዳደሩ ተብሎ ማሽኑ ውጤቱን ያርመዋል፣ "አየሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይቺ መኪና ስንት ትሰጥ ነበር" ብሎ። ጣጣው "እንዲህ" የሚሉት ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ኤስኤኢ የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ነው፣ ጄ1349 ይባላል፣ 25 ዲግሪ ሙቀትና 99 ኪሎፓስካል ደረቅ አየር ይወስዳል። ኤስቲዲ የሚሉት የቆየው ሲሆን 15.6 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛና ጠቅጠቅ ያለ አየር ነው የሚገምተው። የተሻለ አየር ከገመትክ የሚታተመውም ቁጥር ከፍ ይላል፣ ልዩነታቸው ወደ 4 በመቶ ነው። ስለዚህ የልጁን 218 ወደ ኤስኤኢ ብታወርደው 210 አካባቢ ይመጣል። ከ22ቱ 8ቱ እዚች ላይ አለቁ፣ ሌባ የለም። የቀሩትን 14 የማሽኑ ዓይነት፣ ጎማው፣ የቀኑ ሙቀት ተከፋፍለው ሊበሏቸው ይችላሉ፣ ብዙ አይደለም።

በነገራችን ላይ የሚያጭበረብር ሰው ቁጥሩን አይነካም፣ ቴርሞሜትሯን ነው የሚነካው። ማሽኑ የአየሩን ሙቀት የሚለካባት ትንሽ ሴንሰር አለች፣ እሷን የጋለ ሞተር አጠገብ ካስቀመጥካት ማሽኑ "ኧረ ይሄ ልጅ በምን ዓይነት ሙቀት ነው የሚሰቃየው" ብሎ አዝኖልህ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የሚዛን ቤት ሰውዬ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ እንደሚያሳርፈው ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ እያነበብኩ ሳለ ሐሳቤ ወደ ቤት መጣ። ደንቡ ራሱ ማረሚያው ከ7 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል፣ ከዛ ካለፈ ውጤቱ በደንቡ የተለካ ሊባል አይችልም። እስኪ ብዬ ቀመሩን አውጥቼ በካልኩሌተር ሰራሁት። ሻርጃ በጋ ላይ 42 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ ተጨምሮ እንኳን ማረሚያው 1.06 (6 በመቶ ጭማሪ) አካባቢ ነው፣ ለጥቂት ያልፋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ 1.29 መጣ። ደሴ፣ 2,500 ሜትር፣ ቀዝቀዝ ያለ ቀን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው ብቻ፣ 1.38! ተሳሳትኩ ብዬ ሦስቴ ደገምኩት። እንግዲህ አንድ ሰው ነገ ደሴ ላይ ዳይኖ ቢተክል፣ ጎማ ላይ 100 ፈረስ የሰጠች መኪና ወረቀቷ ላይ 138 ተብሎ ይወጣላታል። 38ቱ ፈረሶች የት ናቸው ብትል ጅቡቲ ወደብ ላይ ናቸው፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ እዛ ብትነዳት ታገኛቸዋለህ። ከቧንቧ ውሃ ወደ ፒያሳ ስትነዳ ግን የለህም።

ለምን ይሄ ነገር ውስጤ እንደገባ ልንገራችሁ። እድሜ ልካችንን መኪና ስንገዛ የፋብሪካውን ቁጥር አንብበን ነው፣ እሱ ቁጥር ደሞ የታች አየር ቁጥር ነው። እዚህ የተወለደች መኪና የለችም እሺ፣ ግን ሁሉም እዚህ መጥታ ሩቧን አጥታ ነው የምትኖረው፣ እኛም ያንን ሩብ አይተነው ስለማናውቅ አልጎደለብንም። የጭነት መኪና ሹፌሮች ግን ያውቁታል። ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ አድርገው የሚወጡት፣ የድሮዎቹ ቱርቦ የሌላቸው መኪኖች ላይ የሰሩ ሽማግሌ ሹፌሮች "ከባቲ በኋላ ሞተሩ ይተኛል" ይሉ ነበር፣ አሁን ያሉት ቱርቦ ስላላቸው የጎደለውን አየር ራሱ ቱርቦው ጠቅጥቆ ያስገባላቸዋል፣ ብዙም አይሰማቸውም። አሜሪካ ፓይክስ ፒክ የሚባል የተራራ ውድድር አለ፣ መነሻው 2,862 ሜትር ነው፣ ከደሴ በላይ ማለት ነው፣ መጨረሻው 4,302። እዛ ላይ በ2018 ሪከርዱን የሰበረው ጭራሽ አየር የማይበላ መኪና ነው፣ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ፣ ሮሜን ዱማ ነድቶት 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ። ሐረጎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ሻይ ቤቱ ወሬ ያጣል።

አሁን ወደራሴ ጉድ። የምነዳው የ1990ዎቹ ኮሮላ ነው፣ 1.3፣ ባለ ካርብራተር፣ ፋብሪካው ወደ 75 ፈረስ የሚላት። ከዛ ሁሉ ቪዲዮ በኋላ ሰው ሆኜ መቀመጥ አልቻልኩም፣ አንድ ሱቅ ሄጄ ቀይ ክፍት ፊልትሮና ወፍራም አፍ ያለው ማርሚታ ገዛሁ፣ ሻጩ "ቢያንስ 10 ፈረስ" አለኝ፣ ስንት ብር እንደሆነ እዚህ አልጽፍም ባለቤቴ ታነባለች። አስገጠምኩት። ድምፁ! ሰፈሩ በሙሉ አወቀኝ፣ የጎረቤት አሮጊት "ልጄ መኪናህ ሳል ይዞታል መሰለኝ" አሉኝ።

ለካው እንግዲህ፣ በምን? ስልኬ ላይ ፍጥነት የሚመዘግብ አፕ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ላይ ሜዳ አለ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሰውም ከብትም ሳይወጣ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ60 እስከ 100 ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል ብሎ መለካት ነው፣ በሂድም በመልስም። ዕቃውን ከማስገጠሜ በፊት አንዴ ለክቼ 12.4 ነበረች። ካስገጠምኩ በኋላ ጓደኛዬን ጭኜ፣ ቀትር ላይ፣ በሙቀት፣ 13.2። አበድኩ። ልክ እንደ አክስቴ ልጅ "በሉኝ!" ብዬ ሱቁ ድረስ ልሄድ ስል መንገድ ላይ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ጓደኛዬ 80 ኪሎ ይሆናል፣ ቀትሩ ደሞ ያው የኮምቦልቻ ቀትር ነው፣ አጠገቤ 80 ኪሎ አስቀምጬ ነው ማርሚታውን የምከሰው። በሌላ ቀን ብቻዬን፣ በንጋት፣ ሦስቴ ደጋገምኩ፦ 12.0፣ 12.5፣ 12.2። አሁን ንገሩኝ፣ ማርሚታው ሰራ ወይስ አልሰራም? ሦስቱ ራሳቸው እርስበርስ በግማሽ ሰከንድ ይለያያሉ፣ የበፊቷን 12.4 ደሞ አንዴ ብቻ ነው የለካኋት፣ እሷም ብትደገም 12.1 ልትል ትችል ነበር። ያ ሁሉ ብር፣ ያ ሁሉ ድምፅ፣ በሦስቱ ሙከራዎች መሀል ባለው ልዩነት ውስጥ ተደብቆ ሊቀር የሚችል ነገር ነው የገዛሁት። ዳይኖ ላይም እንደዛው ነው፣ በተከታታይ ሦስቴ ያልተለካ መኪና 5 ፈረስ ጨመረ ሲባል እኔ ከዛ ወዲህ ሰምቼ ዝም ነው የምለው።

ነገሩን የፈታው ግን ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሰውየው የጣሊያን ዘመን ቃል ነው የሚናገሩት፣ ካንዴላ፣ ስፒንተሮጀኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ አባታቸው መንገድ ሥራ ላይ ነበሩ አሉ። ጋሼ ይቺ መኪና አልሄድ አለችኝ አልኳቸው። ቀዩን ፊልትሮ አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ያ ዝምታ ከስድብ ይብስ ነበር። አንድ ካንዴላ ፈተው ብርሃን ላይ አደረጓት። ጫፏ ጥቁር፣ የደረቀ ለስላሳ ጥላሸት፣ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጣታቸውን አሳዩኝ። "አየህ የኔ ልጅ፣ ይቺ መኪና ጠግባ ነው የምትሰቃየው። አየር ሳይኖራት ቤንዚን ትሰጣታለህ።"

ካርብራተር፣ አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ዕቃ፣ ዕውር ነው፣ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ደሴ ይሁን ጃፓን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዛው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 10 በመቶ፣ ደሴ ላይ ከዛም በላይ። አዳዲሶቹ ባለ ኮምፒውተር መኪኖች ቤንዚኑን ራሳቸው ይቀንሳሉ፣ አየሩን ግን እነሱም አይፈጥሩትም። ሽማግሌው ካርብራተሩን ከፈቱና ውስጡ ያለችውን ጅክለር አወጡ። የጤፍ ፍሬ የማታስገባ ቀዳዳ ያላት፣ ራሷ ላይ በመርፌ የተነቀሰ የሚመስል ቁጥር ያላት የነሐስ ብሎን ናት፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ ምንም አትከብድም። ከአንድ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ስንቱን አሮጌ ጅክለር ዘርግፈው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁጥር እያነበቡ ሁለት ቁጥር የምታንስ መረጡ። ከዛ እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ስፒንተሮጀኖ ላላ አድርገው ትንሽ አዞሩት፣ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲመታ፣ "እዚህ ላይ አየሩ ቀላል ስለሆነ አታንኳኳም፣ ጅቡቲ ብትወርድ ግን መልሳት" አሉኝ። ጅቡቲ! ቀዩን ፊልትሮም አውልቀው የድሮውን መለሱት፣ ያኛው የጋለ የሞተር አየር ነው የሚስበው ብለው። ሂሳቡ ከማርሚታው ብር ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው፣ እንደውም አልቀበልም ብለው ስንት ለምኛቸው ነው።

በማግስቱ ንጋት፣ ብቻዬን፣ እዛው ሜዳ ላይ፦ 11.5፣ 11.3፣ 11.6። ከሁሉ የምትዘገየው ከበፊቶቹ ፈጣን ትፈጥናለች። ይሄ ነው እንግዲህ ውጤት የሚባለው። ማርሚታዋ አሁንም አለች፣ ለመቀየር ሌላ ብር የለኝም፣ አሮጊቷም ለምደውኛል።

ከዚህ በኋላ ነው የአክስቴን ልጅ በትክክል ያናገርኩት። ካሙን ከመቀየርህ በፊት የተለካህበት ወረቀት አለህ? አለው። በየትኛው ማሽን? በመጀመሪያው። ኤስቲዲ? ኤስቲዲ። ስንት? 197። ከካሙ በኋላ በዛው ማሽን 218። "አብሽር" አልኩት፣ "ማንም አልበላህም፣ ካምህ 21 ፈረስ ሰጥቶሃል፣ እኔ ከሦስቱ ወረቀት የማምነው ይቺን 21 ነው፣ 218 ነኝ ብለህ ከሰው ጋር ግን አትከራከር፣ ምክንያቱም 218ቱ የዛ ማሽን ነው።" ትንሽ ቅር አለው። ሁለቱን ግራፍ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ ስልኬ ላይ ሰራሁለት፣ ሌላ ነገር ታየኝ። ሞተሩ በደቂቃ ከ4,500 ዙር በታች ከካሙ በኋላ ከበፊቱ ዝቅ ብሏል፣ ሁሉም ትርፍ የመጣው ከላይ ነው፣ ከ6,500 ወዲያ። ካም ሲባል ያው ነው፣ ከላይ ሰጥቶ ከታች ይወስዳል። ሻርጃ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ምንም አይደል፣ ሐረጎ ኩርባ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ሆነህ በ3,000 ዙር ስታዝግ ግን ያ የጠፋው ነው የሚያስፈልግህ። ሰው ጫፉን ብቻ ያያል እንጂ መኪና ቀኑን ሙሉ የሚኖረው መሀሉ ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ዳይኖ ላይና ጓደኛ አጠገቡ ሲቀመጥ ነው።

አሁን ነገሩ በኔ ብሷል፣ ሰው የዳይኖ ወረቀት ካሳየኝ መጀመሪያ የማየው ቶርኩን፣ ማለትም የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል ነው። አንድ ቀላል ፈተና አለ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በሊትር የሚሰጠው ቶርክ ጣሪያ አለው። ሆንዳ ኤስ2000፣ ዓለም የሚያደንቀው ሁለት ሊትር ሞተር፣ ጃፓን ላይ 250 ፈረስ በ8,300 ዙር ይሰጣል፣ ቶርኩን በሊትር ብታካፍለው 109 ኒውተን ሜትር ነው። ፎርሙላ ዋን ከ2006 እስከ 2013 የነዳው 2.4 ሊትር ቪ8 እንኳን፣ ወደ 750 ፈረስ የሚሰጠው፣ በሊትር ከ120ዎቹ አላለፈም፣ ያ ሁሉ ፈረስ የመጣው 18,000 ዙር ስለሚሽከረከር ነው። እና አንዱ ልጅ ቪዲዮ ላይ ቱርቦ በሌለው 1.6 በ7,000 ዙር ጎማ ላይ 230 አገኘሁ ሲል፣ ስታሰላው በሊትር 146 ይመጣል። ወንድሜ፣ ፎርሙላ ዋን ያጣውን አንተ ጓሮ ውስጥ አገኘኸው? ወይ የናይትረስ ጋዝ ጠርሙስ ደብቀሃል ወይ ቴርሞሜትሯ ማርሚታ ላይ ናት። ሌላም አለ፣ ወረቀቱ ቶርኩን በአሜሪካኖቹ ፓውንድ ፊት ካስቀመጠው፣ በአንድ ሚዛን የተሳሉ ከሆነ የቶርክና የፈረስ ጉልበት መስመሮች 5,252 ዙር ላይ የግድ መገናኘት አለባቸው፣ ሂሳቡ ነው የሚያገናኛቸው። እዛ ጋ ካልተገናኙ ያ ግራፍ ከማሽን የወጣ ሳይሆን የተሳለ ነው።

ፈረሱ ራሱ አንድ አለመሆኑም አለ። የእንግሊዙ ፈረስ 746 ዋት ነው፣ አውሮፓና ጃፓን የሚጠቀሙበት 735.5፣ እሱም 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ማለት ነው። ለጓደኛዬ ይሄን ሳስረዳው "እኔን እንደማንሳት በለኛ" አለኝ፣ ልክ ነው፣ እሱን በሰከንድ አንድ ሜትር። ልዩነቱ ትንሽ ናት ግን ሰዎች አንዱን በአንዱ እያወዳደሩ ሦስት ፈረስ ተሰረቅን ይላሉ። የኮምቦልቻ የጋሪ ፈረስ ደሞ ለአጭር ጊዜ ከአስር ፈረስ በላይ ይሰጣል፣ የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈለትም።

በመጨረሻ ልጁ ራሱ ጠየቀኝ። አረፋን ደሴ ሊያሳልፍ አስቧል፣ እና እንደ ቀልድ፣ "መኪናዬን ይዤ ብመጣ ሐረጎ ላይ ስንት ትሆናለች?" አለኝ። ካልኩሌተሩን አወጣሁ፣ 196ን ለ1.38 አካፈልኩ፣ 142 ብዬ ጻፍኩለት። አየው። ሁለት ቀን ዝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቅ ስከፍት መልእክት ገባ፦

"በቃ እኔ በአውሮፕላን ነው የምመጣው። ያቺን ባለ ጅክለሯን ጠርገህ ጠብቀኝ፣ ሐረጎን እኔ ነኝ የምነዳው።"